ለበረዶ ዘመን ዕፅዋት የዛሬ አቻ ፍለጋ

ሰኞ

ሳስበው የቆየሁትን ሥራ ዛሬ ጀመርኩ። ጥያቄው አጭር ነው። የዛሬ 21,000 ዓመት ገደማ፣ የበረዶ ዘመኑ ብርድ በጠናበት ጊዜ፣ መካከለኛው አውሮፓ ላይ ምን በቅሎ ነበር? ዛፍ ነበር? ወይስ ማሞዝና ፈረስ የሚግጡት ሳር ብቻ?

ስካንዲኔቪያን የሸፈነው ግግር በረዶ ያኔ እስከ ዛሬዋ ሰሜን ጀርመንና ፖላንድ ወርዶ ነበር። በደቡብ በኩል አልፕስም በረዶ ለብሷል። በመሐል የቀረው መሬት ግን ባዶ አልነበረም። ለእነዚያ ሁሉ ግዙፍ እንስሳት የሚበቃ መኖ አብቅሏል። የሚያከራክረው ምን ዓይነት መኖ እንደነበረ፣ የት የት እንደበቀለና ምን ያህል ዛፍ አብሮት እንደነበረ ነው።

ከዚያ ዘመን የተረፈልን ዋና ምስክር የአበባ ዱቄት ነው። ሐይቅ ወይም ረግረግ ውስጥ የወደቀ ዱቄት አየር ስለማያገኘው አይበሰብስም። ቅርፊቱ በጣም ጠንካራ ነው፤ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ይቆያል። ደለሉ ይቆፈራል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ የቀረው በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ስዊድናዊው ሌናርት ቮን ፖስት እ.ኤ.አ. በ1916 ቆጠራውን በመቶኛ አስልቶ፣ ንብርብር በንብርብር አስቀምጦ ካሳየ ወዲህ ሙያው በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው።

ችግሩ ቆጠራ ብቻውን መልክዓ ምድርን አያሳይም። «ፓይን 40 በመቶ፣ ሳር 20 በመቶ» የሚል ሰንጠረዥ ስታዩ (ፓይን መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ ነው) ምን ይታያችኋል? ደን? ሜዳ? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምሠራው ሌላ ነው። ዛሬ በዓይን የሚታይ፣ ዕፅዋቱ የተመዘገበ ቦታ እወስዳለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ዛሬ የሚረግፈው የአበባ ዱቄት ተቆጥሯል። ያንን ከጥንቱ ቆጠራ ጋር አስተያያለሁ። በጣም የሚቀራረቡት ሲገኙ ያ የዛሬው ቦታ ለጥንቱ አቻ ይሆናል።

የምጠቀምበት ዳታ ሌሎች ቆፍረውና ቆጥረው ለሁሉም ክፍት ያደረጉት ነው። የጥንቱን ኒዮቶማ ከሚባለው የጥንት ሕይወት ዳታ ቋት ወሰድኩ። የዛሬውን ደግሞ ከ8,000 በላይ ናሙናዎች ከያዘው የዩራሲያ ዘመናዊ የአበባ ዱቄት ቋት። ስሌቱን አር በሚባለው ፕሮግራም እሠራለሁ፤ «አናሎግ» እና «ሪዮጃ» የሚባሉ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ጥቅሎች አሉት።

ማክሰኞ

ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት አቻውን የት ልፈልግ የሚለው ነው። ብዙ ሰው የበረዶ ዘመን ሲባል ወዲያው ሰሜን ዋልታ ይመጣበታል። ቱንድራ የሚባለው ዛፍ አልባ ብርዳም መሬት፣ ጭቃ፣ ሞስ የሚባለው መሬት ላይ ተለጥፎ የሚያድግ ጥቃቅን ተክል፣ አጭር ቁጥቋጦ። ለመካከለኛው አውሮፓ ግን ይህ አይሠራም። ምክንያቱም ፀሐይ ናት።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ቀኑ በሚረዝምበት ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ 50 ዲግሪ ሰሜን ላይ ብትቆሙ ፀሐይዋ ከአድማስ 63 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ታዩዋታላችሁ። 70 ዲግሪ ሰሜን ላይ ግን 43 ዲግሪ ብቻ ነው። በምትኩ እዚያ ለሁለት ወር ያህል አትጠልቅም፤ ዙሪያውን ትሽከረከራለች። ምድር ምንም ያህል ብትቀዘቅዝ ይህ ማዕዘን ብዙም አይለወጥም። በበረዶ ዘመኑም የመካከለኛው አውሮፓ ፀሐይ ያው የ50 ዲግሪዋ ፀሐይ ነበረች።

ለተክል ልዩነቱ ትልቅ ነው። 50 ዲግሪ ላይ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ተዳፋት በበጋ በደንብ ይሞቃል፣ አፈሩ ይደርቃል። ከኮረብታው ጀርባ ያለው የሰሜን ተዳፋት ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ዓለም ማለት ነው። ዋልታው አጠገብ ፀሐይ ሁሉንም ጎን ስለምትዞር ይህ ልዩነት እየደበዘዘ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ድርቀት ነው። ብዙ ውሃ በግግር በረዶ ተይዞ ስለነበር የባሕር ወለል ከዛሬው ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። ሰሜን አትላንቲክም ቀዝቅዞ ነበር፤ ከእሱ የሚነሳው እርጥበት አነስተኛ ነበር። ስለዚህ የምፈልገው ቦታ ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ ከውቅያኖስ የራቀና 50 ዲግሪ አካባቢ የሚገኝ መሆን አለበት።

እንዲህ ያለ ቦታ አለ። ደቡብ ሳይቤሪያ፤ የአልታይና የሳያን ተራሮች። በተራሮቹ መሐል የተከበቡ ደረቅ ሜዳዎች አሉ። የቹያ ሜዳ ለምሳሌ በዓመት ከ200 ሚሊሜትር በታች ዝናብ ነው የሚያገኘው፤ ክረምቱም አጥንት የሚሰብር ነው። የቼክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የመካከለኛው አውሮፓን የካርፓቲያን ተራሮች የበረዶ ዘመን የአበባ ዱቄት ከዚህ አካባቢ ጋር አስተያይተዋል። የእኔም ሥራ የሚነሳው ከዚያ ነው።

በዚህ ምርጫ ላይ እንድተማመን ያደረገኝ ግን ዕፅዋቱ ብቻ አይደለም። ቀንድ አውጣም አለ። በበረዶ ዘመኑ አውሮፓ ላይ ነፋስ ያከማቸው ሎዝ የሚባል ቢጫ የአቧራ አፈር አለ። በውስጡ ፑፒላ ሎዚካ የምትባል ጥቃቅን ቀንድ አውጣ በብዛት ትገኛለች። ከምድር የጠፋች ነበር የምትመስለው። በኋላ አልታይ ውስጥ በሕይወት ተገኘች። አጥቢ እንስሳትም እንዲሁ ናቸው። ሳይጋ የሚባለው የሜዳ ድኩላና ሬንዲር የሚባለው የሰሜኑ አጋዘን በበረዶ ዘመኑ አውሮፓ አብረው ነበሩ። ዛሬ ሁለቱን በአንድ ሰፊ ክልል ውስጥ ለማግኘት ወደ አልታይና ሳያን አካባቢ መሄድ ነው። ዕፅዋት፣ ቀንድ አውጣና አጥቢ እንስሳ ወደ አንድ ቦታ ሲጠቁሙ እኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልጠይቅም።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስም ማስታረቅ ነበር። አንዱ ቆጣሪ በዝርያ፣ ሌላው በወገን፣ ሦስተኛው በቤተሰብ ደረጃ ጽፏል። ሁሉንም ወደ ሚስማሙበት ደረጃ ማውረድ ግድ ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ካልተጠራ ቀሪው ስሌት ዋጋ የለውም።

አንድ ውሳኔ ብቻ አስጨነቀኝ፤ የቄጠማ ቤተሰብ። ደለሉ የተወሰደው ከረግረግ ከሆነ ቄጠማው እዚያው ጉድጓዱ ዳር የበቀለ ሊሆን ይችላል፤ ስለ አካባቢው መልክ የሚነግረን ነገር የለም። በሌላ በኩል ተራራማ ቱንድራ ላይ የዚሁ ቤተሰብ አባላት ዳገቱን በሙሉ ምንጣፍ ሆነው ይሸፍኑታል። ብሰርዘው ቱንድራውን አብሬ እሰርዛለሁ። ብተወው ረግረጉ ዳገት መስሎ ይታየኛል። ስለዚህ ሁለት ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ አንዱ ከነቄጠማው፣ ሌላው ያለቄጠማ። በሁለቱም ጸንቶ የሚወጣ ውጤት ብቻ ነው የምቀበለው።

ቅዳሜ

ስክሪን ላይ ከማፍጠጥ ወጥቼ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀመጥኩ። በውሰት ያገኘኋቸው የማጣቀሻ ስላይዶች አሉ። ሰንጠረዡ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ከምን እንደመጡ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

ፓይን ወዲያው ይታወቃል። ከመሐሉ አካል ግራና ቀኝ ሁለት የአየር ከረጢት ተለጥፎበታል፤ በነፋስ መቶ ኪሎሜትሮችን የሚያስጉዘው ይህ ነው። ላርች ከጎኑ ሳስቀምጠው ገረመኝ። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ግን ላርች ከረጢት የለውም። ትልቅ፣ ክብ፣ ቅርፊቱ ስስ፤ ብዙውን ጊዜም ተጣጥፎና ተጨማድዶ ነው የሚገኘው። ከባድ ስለሆነ ከእናቱ ዛፍ ሥር ብዙም አይርቅም። የወደቀውም በቀላሉ ይበላሻል።

ከዚያ አርጤሜዝያ፣ የአሪቲና የጭቁኝ ወገን። ትንሽ ነው፤ 20 ማይክሮሜትር ገደማ። ሦስት ስንጥቆች አሉት። ፎከሱን ቀስ ብዬ ወደ ላይና ወደ ታች ሳደርገው በስንጥቆቹ መሐል ቅርፊቱ ወፍሮ፣ በውስጡ ጥቃቅን ዓምዶች ቆመው ይታያሉ። የአመድማዶ ቤተሰብ ዱቄት ደግሞ ክብ ሆኖ መላ አካሉ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ሳር አንድ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን ቀለበት። የትኛው ሳር እንደሆነ ግን አይናገርም። የደረቅ ሜዳ ሳርም፣ የእርጥብ መስክ ሳርም፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ናቸው።

ስለዚህ ቁጥሩ ውስጥ እኩልነት የለም። ፓይን በስብሰባ ላይ እንደሚጮህ ሰው ነው፤ ብቻውን ሆኖ አዳራሹን የሞላው ይመስላል። ላርች ግን ቢበዛም ዝም ይላል። ሙሉ የላርች ደን ውስጥ የተሰበሰበ ናሙና ጥቂት በመቶ ላርች ብቻ ሊያሳይ ይችላል። በተቃራኒው ደለል ውስጥ ጥቂት የላርች ቅንጣት ከተገኘ ዛፉ እዚያው አቅራቢያ ነበር ማለት ነው። ዛፍ በሌለበት ቱንድራ ላይ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ብዙ ፓይን ሊቆጠር ይችላል።

የአቻ ዘዴን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ፓይን ምን ያህል እንደሚያጋንን፣ ላርች ምን ያህል እንደሚደብቅ ለብቻው ማስላት አይጠበቅብኝም። የዛሬው ናሙናም ያንኑ ማጋነንና መደበቅ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሚዛን ተመዝነዋል።

አንድ ልዩነት ግን ይቀራል። የዛሬው ናሙና በአብዛኛው ከሞስ ጉብታ የተወሰደ ነው። ሞስ የጥቂት ዓመታት ዱቄት፣ በዋናነትም የቅርብ አካባቢውን ይይዛል። ሐይቅ ግን ከሰፊ አካባቢ ይሰበስባል፤ ሐይቁ በሰፋ ቁጥር የሚመጣበትም ርቀት ይሰፋል። ስለዚህ የጥንቱን ከአንድ የሞስ ናሙና ጋር ብቻ አላስተያይም። በየሸለቆው ያሉትን ናሙናዎች በአንድ ላይ አማካይ አድርጌም እሞክራለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ የርቀት ስሌቱ ገባ። ሁለት ናሙናዎች ምን ያህል ይራራቃሉ? ለዚህ የሚመረጠው ስኩዌርድ ኮርድ የሚባለው ርቀት ነው። ጆናታን ኦቨርፔክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 የተለያዩ መለኪያዎችን አወዳድረው ካሳዩ ወዲህ ሥር ሰድዷል። የእያንዳንዱን ተክል ድርሻ ስኩዌር ሩት ትወስዳላችሁ፣ ትቀናንሳላችሁ፣ ልዩነቱን በራሱ ታባዛላችሁ፣ ሁሉንም ትደምራላችሁ። ፍጹም አንድ ከሆኑ 0፣ አንድም የጋራ ተክል ከሌላቸው 2 ይወጣል።

ስኩዌር ሩት ለምን? በቁጥር ልየው ብዬ ወረቀት ላይ ሠራሁት። ፓይን በአንዱ 49 በመቶ፣ በሌላው 36 በመቶ ይሁን። ስኩዌር ሩታቸው 0.7 እና 0.6። ልዩነቱ 0.1፤ በራሱ ሲባዛ 0.01። አሁን ላርች በአንዱ 4 በመቶ፣ በሌላው 1 በመቶ ይሁን። 0.2 እና 0.1። ይህም 0.01 ነው። በፓይን ላይ የ13 በመቶ ልዩነት በላርች ላይ ካለው የ3 በመቶ ልዩነት ጋር እኩል ተቆጠረ። ጯሂው ድምፁ ተቀነሰ፣ ዝምተኛው ተሰማ። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ገደብ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ «ከሁሉ የቅርብ» የሆነ ናሙና ይኖራል፤ በጣም ሩቅም ቢሆን። ስለዚህ የዛሬዎቹን ናሙናዎች እርስ በርስ አስተያይቼ ከሁሉም ርቀቶች ትንሾቹን 5 በመቶ እንደ ገደብ ወሰድኩ። ከዚያ በላይ የራቀ አቻ አይባልም። ይህ በሙያው የተለመደ ገደብ ነው።

ዓርብ

ጥንቱን ከመንካቴ በፊት ዘዴውን በዛሬው ላይ ፈተንኩት። አንድ ናሙና ደበቅኩ፣ ከቀሩት የቅርቡን ፈልግ አልኩት፣ የዕፅዋቱን ዓይነት በትክክል ይነግረኝ እንደሆነ አየሁ።

ውጤቱ መጀመሪያ ያማረ ይመስላል። ነገር ግን የማረጋገጫው ወጥመድ እዚህ አለ። የተደበቀው ናሙና ጎረቤቱ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ካለ ያንኑ ደን፣ ያንኑ ነፋስ ይጋራሉ፤ መቀራረባቸው አይገርምም። ከ21,000 ዓመት በፊት የነበረው ናሙና ግን እንደዚህ ያለ ጎረቤት የለውም። ስለዚህ በ50 ኪሎሜትር ዙሪያ ያሉትን ሁሉ እያወጣሁ ደገምኩት። ትክክለኛነቱ እንደሚጠበቀው ቀነሰ። አሁን ግን የሚታመን ቁጥር ነው።

ደን፣ ስቴፕ የሚባለው ዛፍ አልባ ደረቅ ሜዳና የተራራ ቱንድራ አሁንም በደንብ ይለያያሉ። የሚያስቸግረው ደንና ሜዳ የተቀላቀሉበት ነው፤ ግማሹ ወደ ደን፣ ግማሹ ወደ ስቴፕ ይሄዳል። ተፈጥሮውም እንዲያ ስለሆነ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ድንበር በሌለበት ድንበር እንዲያሰምር መጠበቅ አይገባም።

እሑድ

ዛሬ የጥንቱን አስገባሁ።

የካርፓቲያን ሸለቆዎች ናሙናዎች ወደ አልታይ ደኖች ነው የሄዱት። ላርች፣ ፓይን፣ ስፕሩስ፤ ከሥራቸው ሳርና አበባ የሞላበት ሳሳ ያለ ደን። ከቼኮቹ ድምዳሜ ጋር ይስማማል። በዛሬዋ ቼክ ዶልኒ ቬስቶኒሴ በሚባለው ቦታ፣ በበረዶ ዘመን አዳኞች ምድጃ ውስጥ የተገኘው ከሰል የፓይን፣ የስፕሩስና የላርች መሆኑም እዚህ ላይ ይታወሳል። ያ ቦታ ከብርዱ ጫፍ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይቀድማል፤ ሰው ግን ለምድጃ እንጨት ከመቶ ኪሎሜትር አያመጣም።

ቆላማው ሜዳ ሌላ ነው። እዚያ ደን የለም ማለት ይቻላል። አንዱን ናሙና መርጬ አሥር የቅርብ አቻዎቹን በካርታ ላይ አወጣሁ። ግማሾቹ ደረቅ ስቴፕ፣ አርጤሜዝያና አመድማዶ የበዛበት። ግማሾቹ ከፍ ያለ የተራራ ቱንድራ። በመጀመሪያ እይታ የሚጋጭ ነው። አንዱ ደረቅ፣ ሌላው ብርዳም። የትኛውን ልያዝ?

ከዚያ የናሙናዎቹን ቦታ አጠጋግቼ አየሁት። ስቴፑና ቱንድራው በአንድ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። ከሸለቆው ወለልና ከደቡብ ተዳፋቱ ስቴፕ፤ ከሰሜን ተዳፋቱ ላርች፣ ያውም ዝናቡ በሚበቃበት ብቻ፤ ከላይ ድንክ በርች የሚባለው ቁጥቋጦና ቱንድራ፤ ወንዙ ዳር አኻያ። ደለል የሚሰበስብ ሐይቅ እዚያ መሐል ቢኖር የሁሉንም ዱቄት አንድ ላይ ይቀበል ነበር። በመጻሕፍት «ስቴፕ-ቱንድራ» እየተባለ እንደ አንድ ወጥ ምንጣፍ የሚሳለው ነገር፣ ቢያንስ በዚህ ኬክሮስ፣ ምንጣፍ ላይሆን ይችላል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ቁርጥራጮች ናቸው። የማስተያየው ናሙና ከናሙና ጋር ሳይሆን ሸለቆ ከሸለቆ ጋር መሆን አለበት። ማሞዙ ለምን እንደጠገበም ይህ ይበልጥ ያስረዳኛል፤ ሳሩ፣ ቅጠሉና ቁጥቋጦው በአጭር ርቀት ውስጥ ነበሩ።

ረቡዕ

አቻ የለሽ የሆኑትን ዛሬ ለይቼ አስቀመጥኩ። ከገደቡ ያለፉ የቆላማው ናሙናዎች አሉ፤ በግድ ስም አልሰጣቸውም። ስዕሉ ላይ ባዶ ሆነው ይቀራሉ።

አልታይ ምንም ያህል ቢመስል የማይተካቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው አየሩ ነው። በበረዶ ዘመኑ ጫፍ በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 190 ገደማ ነበር። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 280 ደረሰ። ዛሬ ከ420 አልፏል። ካርቦን ሲያንስ ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች አብዝቶ መክፈት አለበት፤ በከፈተ ቁጥር ውሃ ያጣል። ስለዚህ ያኔ የዘነበው ዝናብ ከዛሬው እኩል ቢሆን እንኳን ተክሉ ድርቀት ይሰማው ነበር፤ ዛፍ ደግሞ ከሳር ይበልጥ ይጎዳል። አቻው ስቴፕ ስለሆነ ብቻ «የዝናቡም መጠን የቹያን ያህል ነበር» ብሎ መጻፍ ድርቀቱን ማጋነን ነው። ከዚህ ሥራ የዕፅዋት መልክ አወጣለሁ እንጂ የዝናብ መጠን አላወጣም።

ሁለተኛው ግጦሹ ነው። ማሞዝ፣ ባለፀጉሩ አውራሪስ፣ ጎሽና ፈረስ ረግጠውትና ፋንድያቸውን ጥለውበት ነበር። ዛሬ በአልታይ ሜዳ ላይ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስና ያክ ይግጣሉ። አንዳንዶች የተጋጠውን ናሙና «ሰው የነካው ነው» ብለው ያወጡታል። እኔ አስቀረሁት። በበረዶ ዘመን ያልተጋጠ ሜዳ የነበረ አይመስለኝም። ያልተጋጠው ናሙና ነው ይበልጥ እንግዳ የሚሆነው። የታረሰውን ግን አወጣሁ፤ ለእርሻ በዚያ ዘመን አምሳያ የለውም።

ሦስተኛው አቧራው ነው። ሎዙ በየዓመቱ ሲወርድ አፈሩን በኖራ ያድሰው ነበር። ለዚህ በአልታይ የተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ናቸው የሚቀርቡት።

ቅዳሜ

አሁን የተያዘው ሥራ ሸለቆ መሥራት ነው። የአንድ ካርፓቲያን ሸለቆ የከፍታ ዳታ ወስጄ እያንዳንዱን ተዳፋት በፊቱ አቅጣጫ ከፈልኩት። የደቡቡን ለስቴፕ፣ የሰሜኑን ለላርች ደን፣ የላዩን ለቱንድራ ሰጠሁ፤ ድርሻቸውን ከአልታይ ሸለቆዎች እየገለበጥኩ። ከዚያ የየቁርጥራጩን ዘመናዊ የአበባ ዱቄት በስፋቱ ልክ አደባልቄ አንድ ሰው ሠራሽ ናሙና አወጣለሁ። ያ ድብልቅ ከጥንቱ ቆጠራ ጋር ከየትኛውም ነጠላ የሞስ ናሙና ይበልጥ ከቀረበ፣ ስለ ቁርጥራጮቹ የያዝኩት ሐሳብ ፈተናውን አለፈ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ድብልቁ ይበልጥ ቀርቧል፤ ከነቄጠማውም፣ ያለቄጠማውም። የቀረው የላርቹን ስፋት ከሰሜኑ ተዳፋት ከሩብ እስከ ሙሉ እየቀያየርኩ ርቀቱ የት ላይ እንደሚያንስ ማየት ነው። ስሌቱ አሁን እየሄደ ነው። ቀጥሎ አቻ አጥተው ባዶ የተቀመጡትን የቆላማ ናሙናዎች በዚሁ መንገድ እሞክራቸዋለሁ፤ ለነጠላ ናሙና እንግዳ የሆነው ለድብልቁም እንግዳ ሆኖ ይቀር እንደሆነ ለማወቅ።